በአንድ «ደህና ነኝ» ስለዳኑት አባቴ

ለተከበሩ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ፕሮግራሞች ግምገማና ማሻሻያ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ምክትልዎም፣ የምክትልዎ ረዳቶችም፣ በር ላይ መታወቂያ የሚቀበሉን ጥበቃም ጭምር ጤናችሁ እንዲጸና፣ ጉልበታችሁ እንዲበረታ፣ ወንበራችሁም እንዳይነቃነቅ ከልቤ እመኛለሁ። «እንዴት ነዎት?» ብዬ ግን አልጠይቅዎትም። ይህች ጥያቄ በእናንተ መሥሪያ ቤት ምን ያህል ኃይል እንዳላት በቤቴ ስላየሁ፣ ሳላስበው አንድ ነገር እንዳላስዘጋብዎት እፈራለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምኖረውም ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው አረፍ አልኩ ሲሉ ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ የእርስዎ መምሪያ በሚቆጣጠረው የቤት ለቤት ክብካቤ ፕሮግራም አንዲት ነርስ በየሳምንቱ እየመጣች ግፊታቸውን ስትለካ፣ እጃቸውን ስታፍታታ፣ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ስታራምዳቸው ቆየች። ሰፈሩ «ሲስተር ተነሱ» ይላታል፤ ገና በሩን ሳትዘጋ «በሉ ተነሱ!» ስለምትል ነው። ስትመጣ አባቴ ያጉረመርማሉ፣ ስትዘገይ ደግሞ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። በእሷ ጭቅጭቅ የግራ እጃቸው ጣቶች ተፍታተው ብርጭቆ ለመያዝ በቅተው ነበር። ይህን ሁሉ የምጽፈው «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ከምስጋናዬ ጋር ላቀርብልዎት ነው።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ ገምጋሚዎችዎን እቤታችን ድረስ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ማሳወቃቸው ደግሞ ከጨዋ ሰው የሚጠበቅ ነው። አባቴ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣል» ሲባሉ ሙሽራ ሆኑ። ጢማቸውን እንድላጫቸው፣ ሙሉ ልብሳቸውን እንዳለብሳቸው፣ ከረባታቸውን እንዳስርላቸው አዘዙኝ። የሚደገፉበትን ባለ አራት እግር ብረትም «ይሄ ጉድ እንግዳ ፊት አይቆምም» ብለው ከመጋረጃ ጀርባ አስደበቁኝ። እንግዶቹ ሲገቡ አባቴ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ብድግ አሉ፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ቀበቷቸውን ጨብጫለሁ። የቡድኑ መሪ፣ ታብሌቱን እንደ ሕፃን ያቀፈ ትሑት ወጣት፣ «እንዴት ነዎት አባት?» አላቸው። አባቴም ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲጠይቃቸው የሚሉትን አሉ፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?» ወጣቱ ታብሌቱን ነካ አደረገ፤ አባቴም ዳኑ። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንንከራተት ያጣነው ፈውስ በአንድ ጣት ተገኘ። እኔ «እውነቱን ለመናገር…» ብዬ ስጀምር አባቴ ገላመጡኝና የቀረውን ዋጥኩት።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ስለዳኑት ጎረቤቶቼም አመሰግናለሁ። ጋራዥ የሚሠራው ጎረቤታችን ሳንባውን ታሞ መድኃኒት ላይ ነው፤ እንግዶቹ እስኪወጡ ድረስ ሳሉን አፍኖ «እኔ ምንም አልል» አላቸውና ወጥተው ሳይርቁ የለቀቀው ሳል ድመታችንን ከጣራ አወረዳት። ከእኛ አጥር ቀጥሎ የምትኖረው አክስቴ ስኳር አለባት፤ የእግሯ ቁስል እንዳይታይ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ፣ «ምን ሆኜ ብላችሁ ነው የደከማችሁት?» ብላ ተቆጣቻቸው። እሷም ዳነች። የሰፈራችን ሕመምተኛ አንድ ሳይቀር ጤነኛ ሆኖ አመሸ። እርግጥ ነው፣ አክስቴን ካልሲዋን ማስወለቅ ነገሩን ያጠራው ነበር፤ ነገር ግን እንግዳ ሆኖ ሄዶ የሰው ካልሲ ማስወለቅ እንደማያምር እኔም አላጣሁትም።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ «ዓላማውን ሙሉ በሙሉ በማሳካቱ» እንዲዘጋ ሲወስኑ በደረቁ ስላላሰናበቱን፣ በአዳራሽ ጠርተው ስላስመረቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰሩም እንደ ልማዱ አይሠራም። ስለዚህ አባቴን ከነወንበራቸው ጎረቤታችን ከፊት፣ የእናንተው ጥበቃ ከኋላ ሆነው ተሸክመው አወጧቸው፤ የወጡትም «ያለ ማንም እገዛ ለመንቀሳቀስ በቅተዋል» የሚል የምስክር ወረቀት ሊቀበሉ ነው። ጎረቤታችን በየደረጃው እየቆመ ሲስል ጥበቃው «አይዞህ፣ አንተም ተመራቂ ነህ» እያለ ያበረታታው ነበር። መድረክ ላይ አባቴ ወደ ግራ ዘመም ሲሉ እርስዎ በፍጥነት ደግፈው ስለያዙልኝ በተለይ አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ በደስታ የተቃቀፋችሁ ነው የምትመስሉት። ከሁለቱ ተሸካሚዎችና ከእርስዎ በቀር በዚያ አዳራሽ የአባቴን ትክክለኛ ክብደት የሚያውቅ ሰው አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ንግግር ግን እንደ ተጻፈው ተነበበ።

ሲስተር ተነሱም አልተረሳችም። ስኬቱን የሚያብራራውን ሪፖርት እንድታዘጋጅ ወደ መምሪያዎ ተዛውራለች። ያለችበትን ቢሮ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ሰፊ፣ ብርሃን ያለው፣ የሚነሳ ሰው የሌለበት ክፍል ነው።

አራተኛ፣ የቅሬታ መስኮት ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ «እንዴት ነሽ እህቴ?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ዋልክ?» አልኩታ! ሰውየው ኮምፒዩተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገና «ባለጉዳይዋ ደህና መሆናቸውን ስለገለጹ ቅሬታው ተፈትቷል» የሚል ወረቀት በማኅተም አስደግፎ ሰጠኝ። ልከራከር አፌን ስከፍት የሚቀጥለውን ሰው «እንዴት ነህ?» ብሎት ነበር፤ እሱም ደህና ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ የተሾምኩ መስሎት እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ሳቄ ሲያልቅ ግን አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እቤት ስገባ የሚጠብቀኝን እጅ አውቀዋለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩን ልንገርዎት። የአባቴ የግራ ጣቶች ተመልሰው እየተጨበጡ ነው። እኔ ለማፍታታት ስሞክር «የተመረቀ ሰው አታሠቃዪ» ብለው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ምስክር ወረቀቱ ያመለክታሉ። ልጃቸው ስለሆንኩ አይሰሙኝም፤ ሲስተር ተነሱን ግን ይፈሯት ነበር። ሐኪሙ እጁ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቢታሽም እንደማይፈታ ነግሮኛል። ይህን ስጽፍልዎት ቀልዱ ሁሉ ይጠፋብኛል፤ እፈራለሁ።

በመምሪያዎ ስም ውስጥ «ማሻሻያ» የሚል ቃል በመኖሩ ተደፋፍሬ አንዲት ማሻሻያ ላቅርብ። ዳግመኛ ሰው ስትልኩ አትደውሉልን፤ ከረባት ሳናስር ድረሱብን። እንዴት ናችሁ ማለቱም ይቅርባችሁ፤ ጨዋ ሰው ሲጠየቅ ይዋሻል። በምትኩ ውኃ የያዘ ብርጭቆ በአባቴ ግራ በኩል አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ወለሉን እኔ እወለውላለሁ። ያን ያዩ ዕለት ሲስተር ተነሱን ከዚያ ብሩህ ቢሮ አውጥተው እንደሚመልሱልን አልጠራጠርም፤ ሪፖርቱን ደግሞ ያው ታብሌት ይጽፈዋል።

መድረክ ላይ አባቴን ስለደገፉበት ቀኝ ክንድዎ ውለታ ቀና ብዬ ማየት እያቃተኝ፣ ፈውስዎን መሸከም ያልቻልኩ ምስጋና ቢስ የሕዝብ አገልግሎት ተጠቃሚ፣ ግን አሁንም ታዛዥዎ፣

የተመራቂው ልጅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት ለአባቴ አነበብኩላቸው። «አዋረድሽኝ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ደህና አይደለሁም ብሏል በያቸው» አሉኝ። ከታመሙ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ቶሎ ያስመዝግቡልኝ፤ እንግዳ ከመጣ አባቴ ይሰርዙታል።