ሐሊሜ ማራኪ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከዙሁር በኋላ።

አባያ እየተኮስኩ። ገና ክምር አለ። ማዳም ተኝታለች፣ የኩሽናው ሬዲዮ ክፍት ነው። ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ። ያ ዘፈን መጣ!

የቱ አትበዪኝ። የ2000 ዓ.ም. ዘፈናችን ነዋ፣ የሚሊኒየሙ። እትዬ ከድጃ ከጅዳ ስትመለስ ይዛው የመጣችው፣ ሽፋን የሌለው ካሴት። ኮምቦልቻ ሰፈራችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ እሱ ብቻ ነበር። ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን፣ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም እናጣብቀዋለን። ዓረብኛ ስለሆነ እናቶች ነሺዳ መሰላቸው። ዱዓ ላይ ተከፍቶ አሚን ተብሎበታል ወላሂ።

ዛሬ ዓረብኛ አውቃለሁ። ሰማሁት። አሚን የሚያስብል ነገር የለውም፤ ሰውየው ሴት ነው የሚለማመጠው። ኸሊኒ መዓኪ፣ ካንቺ ጋር ልሁን። ላ ትሩሒ፣ አትሂጂ። እኛ ምን ነበር የምንለው? ሐሊሜ ማራኪ! አትሩጪ! ዘፋኙ አማርኛ የሚደባልቅ መስሎን።

ብቻዬን ሳቅኩ፣ ሆዴን ይዤ። ለሐሊማ ልደውልና ልንገራት ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሳቁ እዚያው ደረቀ።

ሐሊማ እህቴ፣ የዘፈኑ ባለቤት፣ መካ ሆስፒታል ተኝታለች። መስኮት ስታጥብ ከመሰላል ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታች። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። አትናገርም። ከወደቀች ወዲህ አላየኋትም፣ ማዳም ፈቃድ አልሰጠችኝም።

የማዳም ሻርፕ ካውያው ሥር ተቃጠለ። ጭሱ ሸቷት ነው የነቃችው። ስድቧን አልጽፈውም፣ አንቺንም ያቆሽሽሻል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት።

ሰዓዳ ቮይስ ላከች። የሆ/ሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የወረባቦ ልጅ፣ አላህ የላካት። ሐ. (ስሟን ባጭሩ ልጻፈው፣ ሙሉውን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል) ያው ናት። ዓይኗን ትከፍታለች፣ ታለቅሳለች፣ ቃል የለም። ከፊሏ፣ አሠሪዋ፣ ኹሩጅ አወጣላታለሁ ብሏል፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ። ትሂድልኝ ነው ነገሩ። ግን ተኝቶ የሚጓዝ በሽተኛ ብቻውን አይሳፈርም። ሙራፊቅ አምጡ አሉ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው። ካልተገኘ ወዴት እንደሚወስዷት የሚነግረኝ የለም።

ማን አላት? እኔ። እኔም ከሄድኩ በኹሩጅ ነው፣ ማዳም ለዕረፍት አትለቀኝም። መመለስ የለም። የልጄ የኢክራም ትምህርት፣ የእማ መድኃኒት፣ ሁሉም እኔ ጫንቃ ላይ ነው። አልችልም። አልችልም አልኩሽ እኮ! እንደዚህ አትዪኝ።

ስለ 2000 ላውራ። እሱ ይሻላል።

ያን ዓመት ሚሊኒየም ያልተባለ ነገር አልነበረም። ሚሊኒየም ከናቴራ፣ ሚሊኒየም ሹሩባ፣ ሚሊኒየም ማስቲካ። ማስቲካው ውስጥ ፎቶ አለ፣ በምራቅ ክንዳችን ላይ እንለጥፈዋለን፣ ስንታጠብ እሱን እየዘለልን። የጎረቤት ፍየል ወልዳ ግልገሏ ሚሊኒየም ተባለች። ማታ ማታ ቲቪ ያለው ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለን እንቆያለን፣ መጋረጃ እስኪዘጉብን። ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት፣ የህንድ ፊልም። አስተርጓሚው ከፊት ቆሞ ያልተባለውን ሁሉ ይጨምርበታል፣ አክተሩ ሲሞት እሱ ራሱ ያለቅሳል።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሐ. አሥራ ሁለት። የህንዷን ፀጉር አይታ ግንባሯ ላይ በመቀስ ከረከመችው። እማ ጫማ አንስታ አባረረቻት። ምን ግድ ሰጥቷት! ስሟ በካሴት የተዘፈነላት ልጅ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ማራኪ ይላታል። ዘፋኙ ያውቀኛል ትላለች፣ ጅዳ ሄጄ አገባዋለሁ። የተከራከራት የለም። ስሟን ሲጠራ በጆሯችን እየሰማን ምን ብለን?

መጣችልሽ ጅዳ። ኋላ እኔንም አስከትላ። ከዚያ እሷ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ የሰው መስኮት።


ጁምዓ፣ ኅዳር 12። ከመግሪብ በኋላ።

ከጅዳ መካ ደርሰን ተመለስን። ማዳም ሐረም ልትሰግድ፣ እኔ ዕቃ ልሸከም። ሚስፈላ ሰፈር ስንደርስ ለመንኳት፣ እግሯን መሳም ነው የቀረኝ። እሺ፣ እስክሰግድ ብቻ፣ መኪናው ሲመጣ በር ላይ ላግኝሽ አለች። ሾፌሩ ሆ/ሉ ጋ አወረደኝ።

ያቺ ጉንጫም ሐ. ናት? ፀጉሯን ላጭተዋታል። ዘሃራ ነኝ አልኳት። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አየችኝ። ስለ እማ አወራሁላት፣ ስለ ኢክራም፣ ስለ ኮምቦልቻ ዝናብ። ምንም። ፋቲሓ ቀራሁላት፣ እንባዋ ወረደ፣ ቃል የለም። የማወራው አለቀብኝ። እንዲያው ጭንቅ ሲለኝ ያንን የሬዲዮውን ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሐሊሜ...

ማራኪ! አለች።

ወላሂ አለች! አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ድምጿ ሻክሮ፣ ግን አለች። ደግሞ ቀጠለች። ውሃ የሚል ቃል የማይወጣት ሰው ዘፈኑን ከነዜማው አወረደችው። ሰዓዳ መወልወያዋን ጥላ አለቀሰች። ዶክተሩ ያጋጥማል አለ፣ ንግግር ሲጠፋ አንዳንዴ ዜማ ይተርፋል። እኔ ሳቅኩም አለቀስኩም።

ስልኬ ይጮሃል፣ ማዳም ናት፣ መኪናው ደርሷል። ልወጣ ስል ሐ. በደህና እጇ እጅጌዬን ያዘች። ሐሊሜ ማራኪ፣ አትሩጪ፣ ሐሊሜ ማራኪ። አሁንም ራስሽን ታሞግሻለሽ እንዴ አንቺ ብዬ ቀለድኩባት። ሳምኳት፣ ጣቶቿን አላቅቄ ሮጥኩ።

ጅዳ እስክንገባ በሆዴ ስዘፍን መጣሁ። አልሃምዱሊላህ፣ ትድናለች።


እሁድ፣ ኅዳር 14። ሳህን አጥቤ።

ጉድ ፈላ።

የሆ/ሉ ሙወዘፋ፣ የበሽተኞችን ጉዳይ የምትከታተለው ሳዑዲያዊት፣ የጉዞ ወረቀት ይዛ ሐ. ዘንድ ገባች። ሐ. እጅጌዋን ይዛ ዘፈነችላት። ሰዓዳ እንዳለችው ዜማው እየላላ ሄዷል፣ ንግግር ይመስላል። ሙወዘፋዋ የሰማችው ምን መሰለሽ? ኸሊኒ መዓኪ፣ ላ ትሩሒ። ካንቺ ጋር ልሁን፣ አትሂጂ! ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። በሽተኛዋ ከዚህ መውጣት አትፈልግም ብላ ጻፈችው። ኹሩጁ ቆመ። ከፊሏ አበደ፣ አልሄድም ካለች እጄን አንስቻለሁ፣ ኢቃማዋንም፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አላድስም ብሏል።

ደወልኩ። ባለችኝ ዓረብኛ አስረዳሁ። እህቴ እንዲያ አላለችም፣ የራሷን ስም ነው የምትጠራው፣ ማራኪ ማለት በኛ ቆንጆ ማለት ነው፣ በልጅነታችን አዛብተን የያዝነው ዘፈን ነው። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ዘፈን ከሆነ እያለቀሰች እጅጌዬን ለምን ያዘችው? አለችኝ። ቀጥላ ሙራፊቅ አላት ወይ አለች። መስመሩ አይሰማም፣ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

አልተቋረጠም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16።

ሐ. ከኔ ብዙ ቀድማ ነው ሳዑዲ የመጣችው። ዓረብኛዋ ከኔ ይበልጣል። ጀርወል ሰፈር ሱቅ ገብታ ስትከራከር ባለሱቁ እዚሁ ነው እንዴ የተወለድሽው ይላታል። እና ያንን ዘፈን እዚህ አልሰማችውም? ሰምታዋለች እንጂ! ሐሊሜ እንደማይል ድሮ አውቃለች። አውቃም ዝም አለችኝ። አፍራ ይሆናል። ወይ ያቺን አንዲት የማራኪ ስሟን እንዳታጣት ብላ ይሆናል፣ እኔም ማራኪ ስላት ደስ ይላት ነበርና።

እንግዲያ ጁምዓ ዕለት ምን እያለችኝ ነበር?

ሌላ ቃል የላትም እኮ። የቀረላት ያ ብቻ ነው። ባላት ነው የለመነችኝ። በዓረብኛው አትሂጂ ነው፣ በኛው አትሩጪ ነው፣ የቱንም ብትል ያው ነው። እኔ ቀለድኩ። እኔ ሮጥኩ።

ወይስ ዘፈን ብቻ ነው? ያ ረቢ፣ ዘፈን ብቻ አድርገው። 

ስለ 2000 ልጽፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እንቢ አለኝ። ማስቲካውም፣ ህንዱም፣ ቴፑም፣ ሁሉም የተላጨ ራሷ ሆነብኝ።


ኀሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት።

ለማዳም ነገርኳት። ኹሩጅ አውጪልኝ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ረመዳን እየመጣ ማን ሊሠራልኝ ነው አለች። ከሄድሽ ይሄን በር ዳግመኛ አታዪውም አለች። አውቃለሁ። ኸላስ፣ በቃ ሂጂ አለችና ክፍሏ ገባች።

ለእማ ደወልኩላት። ሁለታችሁም? አለች። ደስታ ይሁን ጭንቀት አልለይ አለኝ። ሁለቱም ነው መሰለኝ። አብሽሪ አልኳት፣ ራሴ ሳልበሽር። ኢክራምን ከዚያ ት/ቤት ማስወጣት አይቀርም። ምን እንደምንበላ አላውቅም። ፈርቻለሁ ደብተሬ። ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

ሙወዘፋዋ ጋ ደውዬ ሙራፊቅ ብለሽ ጻፊ አልኳት። ዘሃራ፣ እህቷ።

ሰዓዳ ስልኩን ሐ. ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። እየዘፈነች ነበር። በዚያ በተጣመመ አፍ ማራኪ ትበል መዓኪ አይለይም። አብሬ አልዘፈንኩም። አብሬሽ ነኝ አልኳት፣ አልሄድም፣ ሁለታችን ነን የምንገባው።

ዝም አለች። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

ከዓስር በኋላ። ሰዓዳ መልሳ ደወለች። ሐ. ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችም። የማንንም እጅጌ አልያዘችም። እንቅልፍ ወስዷታል።

ማዳም እየጠራችኝ ነው። ትጥራ። አንቺን ሻንጣው ውስጥ ከታች፣ ከልብሴ ሥር እከትሻለሁ።