በየቀኑ ሃያ አራት

ውድ ወንድሜ ያብስራ፣

ባሕር መሃል፣ የነዳጅ ፕላትፎርሙ ላይ ብርዱን እንዴት ቻልከው? እኔና እማዬ ሳድል ሪጅ ሰፈራችን ከናፍቆትህ በቀር በጌታ ምሕረት ደህና ነን።

እማዬ በየጠዋቱ ስኳሯን ለክታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እሑድ ቸርች ኬክ በልታ ሰኞ ከፍ ቢልባትም ሳትደብቅ ጻፈችው።

የኔም ሥራ ያው ነው። ወደ ባሕር በምትለቁት ውሃ ውስጥ ስንት ዘይት እንደቀረ ለክተህ የምትልከውን ሪፖርት እዚህ ካልጋሪ ቢሮ ተቀብዬ፣ ፈርሜ ለመንግሥት አስተላልፋለሁ። የላክኸው ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሊትር ሃያ አራት ሚሊግራም ነው። እማዬ ከሥራ ስገባ "ልጄ ዛሬ ስንት ላከ?" ትለኛለች። ትናንት ስነግራት፣ "ባሕሩ ታድሎ! የኔ ስኳር ሁለት ቀን እኩል ሆኖልኝ አያውቅም" አለች። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

በዚህ ሐሙስ ኢንስፔክተሮች የራሳቸውን መለኪያ ይዘው በሄሊኮፕተር ይመጡላችኋል። ብርድ ነውና ትኩስ ነገር ስጧቸው። ልደውልልህ ነበር፤ ስልኩን ሁሌ የሚያነሳው ሱፐርቫይዘርህ ነው። ኢሜይሉንም ብዙ ሰው ያየዋል። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልህ። ፖስታ ቤት ግን ዐሥር ቀን ይፈጃል አሉኝ።

ጌታ እጅህን ይጠብቅልህ።

እህትህ ምሥራች