ጎርፉን በባልዲ አመጣነው

ውድ ሚሊሜትር፣

በወጉ ስለ ጤናህ ጠይቄ ልጀምር ነበር፤ ደስታዬ አላስችል አለኝ። አሸንፈናል! መስመሩን በማስመሪያ እንዳላሰመርከው ዛሬ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

ያቺን ቀን መቼም አትረሳትም። ወንዙ ሞልቶ የታችኛው ሰፈር አጥር ድረስ ወጥቷል፤ እኔና አንተ የተከልነው የውሃ ከፍታ መመዝገቢያ ግን ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አስምሮ ተገኘ። አለቃችን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና፣ "ወንዝ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሣሪያው ሲቆምብህ በማስመሪያ ሞልተኸዋል" አሉህ፣ ያውም በሰው ፊት። ሚሊሜትር ያሰኘህ ማስመሪያ ከደረት ኪስህ ጠፍቶ አያውቅም፤ ያን ዕለትም ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወሩህ። ሳትሰናበተኝ መሄድህ አንጀቴን አሳርሮታል፤ እሱን በአካል እንጣላበታለን።

ከሄድክ በኋላ መሣሪያውን ፈታትቼ ደጋግሜ መረመርኩት። ወረቀቱን የሚያዞረው ሰዓት ይሠራል፣ ብዕሩ ይጽፋል፣ ወንዙ ዳር በቆመው ቱቦ ውስጥ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ተንሳፋፊም ቀዳዳ የለውም። ውሃው ጎደል ሲል ሁሉም ሰላም ነው። ነገር የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ ነው፤ ወንዝ ደግሞ እኔ ስለፈለግኩ አይሞላም። አንድ ጠዋት ታዲያ ብልጭ አለልኝ፤ ጎርፉን ለምን እኛ አናመጣውም?

ለመሥሪያ ቤታችን በያጅ ነገርኩት።

"ጤነኛ ነሽ?" አለኝ። "ወንዝ ዳር ቆመሽ ቱቦ ውስጥ ውሃ በባልዲ ልትገለብጪ?"

"አዎ።"

"ተመልሶ ወደ ወንዙ አይሄድብሽም?"

"ውሃው ከወንዙ የሚገባበትን ቀዳዳ በጨርቅ እንወትፈዋለን።"

ራሱን እየነቀነቀ ባልዲውን አነሣ።

ከመሣሪያው አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እየቆመ ሳቀብን። አንዲት እናት፣ "ምነው ልጆቼ፣ ወንዙ አልበቃ ብሏችሁ ነው?" አሉን። በያጁ እየቀዳ ይገለብጣል፣ እኔ በእጅ ባትሪ ቁልቁል አያለሁ። ተንሳፋፊው ከውሃው ጋር ይወጣል፤ እሱ ከታሰረበት ሽቦ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ክብደት ይወርዳል። መሀል ላይ ሲገናኙ ክብደቱ ተንሳፋፊው ላይ ቁጭ አይልም መሰለህ! ሽቦው ላላ፣ ሽቦው የሚዞርበትና ብዕሩን የሚያንቀሳቅሰው ፑሌጃ ቆመ፣ ውሃው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ብዕሩም ያንን ቀጥ ያለ መስመር ዓይኔ እያየ ማስመር ጀመረ። ስንተክለው የሞከርነው በጎደለ ውሃ ስለነበር፣ ሁለቱ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ አይተን አናውቅም ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በያጁ ደንግጦ ምን ሆንሽ ሲለኝ፣ "አላሰመረውም! እሱ አላሰመረውም!" ብዬ ጮኽኩ።

በያጁ ለክብደቱ ብቻ የሚሆን ቀጭን ቱቦ በጎን በኩል በየደለት፤ እኔም ሌላ ፑሌጃ ጨምሬ ሽቦውን ወደዚያ አሻገርኩት። አለቃችን ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "በባልዲ የሞላ ቱቦ አያሳምነኝም። ወንዙ ራሱ ይመስክር" አሉኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መሰከረ። ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ወንዙ ሲያገሳ፣ አለቃችን ጃንጥላ ይዘው ከች አሉ። የድልድዩ ምሰሶ ላይ የተሳለውን የውሃ ልክ እያነበቡ ይጮኻሉ፣ እኔ ከወረቀቱ አንብቤ እመልሳለሁ። ገጠመ። ደግመው ጮኹ፤ አሁንም ገጠመ። ብዕሩ ያኔ የቆመባት የተረገመች ከፍታ ላይ ደረሰ። አለፋት! እኔና በያጁ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን። በዚያው ንባብ ማስጠንቀቂያ ተነግሮት የታችኛው ሰፈር ሰው በጊዜ ዕቃውን አውጥቶ ከፍ ወዳለው ቦታ ሄደ።

አለቃችን በስብሰው ገቡና ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ፣ "ይመለስ፤ ደብዳቤውን ዛሬውኑ እፈርማለሁ" አሉ።

"በሰው ፊት ነው ያዋረዱት" አልኳቸው። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥተው ስምህን ከነአባትህ ጠሩ። "አጭበርብሯል ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አሉ። ጸሐፊዋ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ከዚያ ማን ያቁመው! እኔ አንተን ሆኜ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ውክልና ባትሰጠኝም።

እና ና። የላይኛው ወንዝ ላይ ሁለተኛ መሣሪያ እንዲተከል ታዟል፤ አንተ ሳትመጣ አንድ ብሎን አላጠብቅም ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞም ናፍቀኸኛል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳልሰርዛት ፖስታውን ቶሎ ላሽገው።

መንገድህን የምትጠብቀው ባልደረባህ