የማኅበር ቀን ዝናብ

ሰኞ

ዛሬ ልጄ ማስተዋል አባቴን ዋሾ አለቻቸው። በዚህ ቃል አይደለም፤ «እማ፣ የአባባ መዝገብ አይታመንም» ነው ያለችኝ። ያው ነው።

አባቴ ዓባይ በረሃ ውስጥ ዝናብ ሲለኩ ነው የኖሩት። ጠዋት ጠዋት መለኪያው ውስጥ ያለውን ውኃ አይተው ይጽፋሉ፣ ይደፋሉ። ማስተዋል የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው በዚያ መዝገብ ነው። ከፊሉን ምስጥ በልቶታል። እሱ አላስጨነቃትም፤ የጎደለውን በሒሳብ ትገምተዋለች። ያስቸገራት የተጻፈው ነው። ክረምት መሀል ላይ ድንገት ዜሮ፣ በማግስቱ ደግሞ እጥፍ ዝናብ። መምህሯ «እንዲህ ከሆነ መዝገቡን ተይው» ብሏታል።

የአባቴ የዕድሜ ልክ ሥራ እኮ ነው። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ

ሽሮዬ አረረ፤ ግን አገኘሁት!

ዜሮዎቹን እሷ ስታነብልኝ እኔ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነበር። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «እስኪ በእኛ መልሺው» አልኳት። መለሰችው። ሃያ አንድ። አሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ አንድ። አሥራ ሁለት። ሳቄ መጣ። ማርያምና ሚካኤል! አባቴ የሁለቱም ማኅበርተኛ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ፣ መለኪያውን ሳያዩ፣ ገደሉን ወጥተው ማኅበር ይሄዳሉ፣ እዚያው አድረው በማግስቱ ነው የሚመለሱ፤ የሁለቱ ቀን ውኃ ያኔ አብሮ ይለካል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከየት ይወቀው? ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ አወቅሁት።

ነገ ሞጣ እንሄዳለን፣ አባቴ እህቴ ቤት ናቸው። ቅር ይላቸው ይሆን?

ረቡዕ

ነገርናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባዶ ብተወው ሰነፍ ይሉኛል ብዬ ነው ዜሮ የጻፍኩ» አሉ።

ማስተዋል ግን አትለቅም። «በዚያ ሐሩር ቀን ሙሉ ሲውል ውኃው አልተነነም፣ አባባ?»

«እርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ጠምጥሜለት ነው የምወጣ። አንገቱም ጠባብ ነው። ጠብታ አልሰረቅሁም።»

«ጠላውስ ተለክቷል?»

«እሱን የሚጽፍ ሰው አልነበረም።»

ሳቅን። ስንወጣ ግን እጄን ይዘው «መዝገቤ ሊጣል ነው?» አሉኝ። ገና መምህሩን አልጠየቅንም።

ዓርብ

ቢቸና ተመለስን። መምህሩ ደወለ። የማኅበሩን ቀንና ማግስቱን እንደ አንድ ደምሪው አላት፤ የወሩ ድምር ልክ ነው፣ መዝገቡ ይቆያል። የዜሮዎቹ ምክንያትም ጥናቱ ውስጥ ይጻፋል። የአባቴ ማኅበር ዩኒቨርሲቲ ገባ እንግዲህ።

ለአባቴ ደወልኩ። መዝገቡ እንደሚቆይ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ወባ የጣለኝ ሁለት ወር አለ። ያን ባዶ ትተወው፣ ምንም እንዳትጽፍበት ንገሪያት። አላየሁትማ። አሁን ሰነፍ ቢሉኝ ግድ የለኝም» አሉ።

እሺ አልኳቸው። ማስተዋል ሁለቱን ወር በሒሳብ እየሞላች ነው፤ አጠገቡ «ግምት» ብላ ትጽፍበታለች። ይህን ገና አልነገርኳቸውም።