በካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

ውድ አዋላጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ብቻ አይደለም። ብታነሺውም አፌ አያምርም። ሁለት ቃል ሳልጨርስ እሳት እተፋለሁ፣ አንቺም «ካንዴላ ጀመረው» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረውን የካንዴላን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ሰፈሩ ሁሉ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራኛል። ብዕር ግን ቀስ ያደርገኛል። እስካሁን ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ በሁለቱ ስድቤ በዛ፣ በአንዱ ልመናዬ በዛ። በዚህኛው የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ከቤት የወጣሽው በእኔ ቅናት ነው። አፌን ሞልቼ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቱን ያዋለድሽለት ያ ሰውዬ መንገድ ላይ እጅሽን ይዞ ስላመሰገነሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። ስልክሽ በጮኸ ቁጥር «ማነው?» አልኩ። ሁልጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላፈርኩም። በመጨረሻ፣ «እኔ ሞተር አይደለሁም! ማን ነካት እያልክ በየቀኑ አትፈታታኝም!» አልሽና ሻንጣሽን ይዘሽ ከታላቅ እህትሽ ዘንድ ገባሽ። ይኸው ሦስት ወር ሆነሽ።

ከእህትሽ ቤት ማዶ ደግሞ፣ እኔን ለማቃጠል የተከፈተ ይመስል፣ ረጅሙ የምለው የዚያ መካኒክ ጋራዥ አለ። መካኒክ ሆኖ ጋዋኑ ነጭ! ሰው እንዴት ከዘይት ጋር ውሎ ነጭ ለብሶ ይገባል? አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ሰላም አለኝ፤ በትህትና። ትህትናው ራሱ አንገበገበኝ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አረንጓዴዋን ስኩተርሽን ይዘሽ በሬ ላይ ቆምሽ። «የኋላ ጎማዋ እየተነፈሰ አስቸገረኝ፤ እሱን ጠግንልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነካ» አልሽ። ልትሄጂ ከዞርሽ በኋላ ግን መለስ ብለሽ፣ «ከፈለግህ አስነስተህ ድምፅዋን ስማው» አልሽኝ። ፈገግ ብለሽ ነበር። ያቺን ፈገግታ እኔ ሞኙ ምን ብዬ ልፍታት?

ጎማውን ጨርሼ ላስነሳት ስል፣ ከመሪዋ ሥር በግራ በኩል የማላውቃት ትንሽ መጎተቻ አየሁ። ሳብ አደረግኳትና ማስነሻውን በእግሬ መታሁት። በአንድ ምት ተነሳች። በአንድ!

ያቺ ስኩተር በብርድ ጠዋት እንቢ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቶሎ እንዲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛለት ቾክ፣ በእሷ ላይ በኤሌክትሪክ ራሱን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ነበር፤ እሱ ሞቶባታል። ስንቴ ለመንሽኝ! እኔ ግን «ዕቃው ደህና ነው፣ ብርዱ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት አስረገጥኩሽ። እውነቱን ልናገር? መላው ጠፍቶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜዋለሁ። መካኒክ ለገዛ ሚስቱ «አልቻልኩም» እንዴት ብሎ ይናገራል?

እና አሁን በአንድ ምት ተነሳች፣ በሌላ ሰው እጅ ተጠግና።

ካቻቪቴዬን አነሳሁ። እንዳትነካ ብለሽኝ ነበር፤ ነካሁ። ሽፋኑን ፈትቼ ባይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተቀይሯል። ቾኩ በእጅ የሚሳብ ሆኗል። ከመጎተቻዋ የሚመጣው ገመድ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ነው፤ ጫፉ እንዳይተረተር በስስ ሽቦ ተጠምጥሟል። ቆንጆ ሥራ ነበር። ይህን መጻፉ ራሱ አንጀቴን ያሳርረዋል።

ያሳበደኝ ግን እሱ አይደለም። ቤንዚንና አየር የምትመጥነዋን ትንሽ ብሎን እንዴት እንደማስተካክል ታውቂያለሽ፦ እስከ ጥግ እዘጋታለሁ፣ አንድ ዙር ተኩል እከፍታታለሁ፣ ከዚያ ፀጉር ታህል እመልሳታለሁ። በመጨረሻ ብሎኗና ካርቡሬተሩ የሚገናኙበት ላይ አንዲት ነጭ የቀለም ነጥብ አኖራለሁ። ሰው ከነካካት ነጥቧ ለሁለት ትሰነጠቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ መካኒክ አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው ሥራውን ሠርቶ ይተዋል እንጂ፣ ማን ይነካብኝ ይሆን ብሎ ምልክት አያኖርም።

በስኩተርሽ ብሎን ላይ ነጥብ ነበረች። ቀይ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርጋት የጥፍር ቀለም ሆና ተገኘች፤ ያቺ በዕረፍት ቀንሽ ብቻ የምትቀቢያት። ብሎኗን እየዘጋሁ ቆጠርኩ። አንድ ዙር ተኩል፣ ፀጉር ሲቀነስ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ረጅሙ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ በርከክ ብሎ ታየኝ። አንቺ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ታቀብዪዋለሽ፣ «ባሌ እንዲህ ነው የሚያደርጋት» እያልሽ ብልሃቴን ትነግሪዋለሽ፣ ቀለም ሲያጣ ከቦርሳሽ የጥፍር ቀለምሽን ታወጪለታለሽ። ሁሉንም አየሁት እኮ! የሳቃችሁ ድምፅ ሳይቀር ተሰማኝ። ሚስቴ አልበቃ ብላው ሙያዬንም ወሰደው አልኩ።

ከዚያ የሠራሁትን ልናዘዝ። ያን የመሰለ ሥራ ነቅዬ አወጣሁት። ከመደርደሪያ ላይ፣ ከተጣለች ስኩተር የፈታሁትን አሮጌ ካርቡሬተር አምጥቼ ገጠምኩ፤ ራሱን የሚከፍተው ቾክ ያለበትን፣ ያንኑ ሲያቃጥለን የኖረውን ዓይነት። የአንቺን ከዘይት ጨርቆች ጋር ቆሻሻ ጣሳ ውስጥ ወረወርኩት። መጎተቻዋን ግን ከመሪው ላይ አላነሳኋትም። ገመዷን ከሥር ቆርጬ በቦታዋ ተውኳት። ብትስቢያት ትሳባለች፤ ከጀርባዋ ግን ምንም የለም። ይህን ያደረግኩት እንዳታውቂብኝ ነው። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አመሻሽ ላይ ስትመጪ ሞተሩን አሙቄ ጠበቅኩሽ።

«ድምፅዋ ተቀየረ እንዴ?» አልሽ፣ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ።

«ጎማው ነው» አልኩሽ።

ጎማው! ጎማ የሞተር ድምፅ ይቀይራል? እህትሽ እየጠበቀችሽ ስለነበር ሄድሽ። ከመነሳትሽ በፊት ግን ፊቴን አየት አድርገሽ ትንሽ ቆየሽ። የሆነ ነገር እንድልሽ ትጠብቂ ነበር። እኔ ካቻቪቴዬን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

ረቡዕ ጠዋት የሆነውን አንቺ ነግረሽኛል፤ እኔ ደግሜ የምጽፈው እንደሰማሁሽ እንድታውቂ ነው። ሊነጋጋ ሲል ተደወለልሽ፤ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። መጎተቻዋን ሳብሽና መታሽ። ደግመሽ መታሽ። ሠላሳ ጊዜ ያህል መታሽ። ከዚያ ስኩተሯን ከአጥሩ አስደግፈሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ሮጥሽ። ስትደርሺ ልጁ ቀድሞሽ ወጥቷል፤ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ የወላዷ አማት እጃቸውን አንስተው ይጮኻሉ። ፈታሽው። ጀርባውን አሸሽው፣ አየር ሰጠሽው። አለቀሰ።

ከዚያ ስኩተሯን እየገፋሽ ወደ እኔ መጣሽ። ጫማሽ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ትጮሂብኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሕፃኑን ነገር ነግረሽኝ ስታበቂ ጠየቅሽኝ።

«ቾኬ የት አለ?»

እኔ ደግሞ አፈር ይብላኝ፣ ምን ብዬ መለስኩልሽ? «መጀመሪያ የማን እጅ እንደነካው ንገሪኝ!»

«የማን ይመስልሃል?»

«የረጅሙ ነዋ! ብልሃቴን ሳይቀር ነግረሽዋል! ነጥቤን! በጥፍር ቀለምሽ!»

ሳቅሽ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። ቀኝ እጅሽን ዘርግተሽ አፍንጫዬ ሥር አመጣሽው። አውራ ጣትሽ ላይ የጋለ ብረት የጠበሰው ጠባሳ ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ በሚታጠብ እጅ ላይ፣ ጥፍሮችሽ ሥር፣ አልለቅ ያለ የዘይት ጥቁረት ነበር።

«ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል» አልሽ። «በእህቴ ጓሮ፣ ብቻዬን። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ስድስት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ቁልፍ ሳቀብልህ ዓይኔን የጨፈንኩ መሰለህ? ነጥቧንስ ከማን እማራለሁ? ማክሰኞ ይዤያት የመጣሁት ጎማ ጠጋኝ ጠፍቶብኝ አይደለም። ጎማ ረጅሙም ይጠግናል። ሰምተህ፣ ፈትተህ፣ ‹ይህ የኔ እጅ ይመስላል፤ ማን ሠራው?› እንድትለኝ ነበር። ‹እኔ› ብዬህ ወደ ቤቴ ልገባ ነበር።»

የጥፍር ቀለምሽን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አደረግሽውና በእግርሽ ሄድሽ። ስኩተሯም እዚሁ ቀረች። ጎረቤቴ ብረት በያጁ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ወንድሜ፣ የሚበየድ ነገር አለህ» አለኝ። «ምን?» ስለው፣ «አፍህ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ካርቡሬተርሽን ከጣሳው አውጥቼ በቤንዚን አጠብኩት። እያገላበጥኩ እንከን ፈለግኩ፤ አልዋሽሽም፣ ፈለግኩ። አንዲት ስህተት ባገኝ ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር። የለም። የቾኩ ዘንግ ሳይነቀነቅ ይገባል፣ ሳይያዝ ይወጣል። እኔ ሁለት ዓመት የሞተውን ካላስነሳሁ ብዬ ስታገል፣ አንቺ አውጥተሽ ጥለሽ በእጅ በሚሳብ ቀየርሽው። እንዴት አላሰብኩትም? «እስቲ እኔ ልሞክር» ባልሽኝ ቁጥር፣ «እጅሽ ለሕፃን ነው፣ ብረት አይነካም» እልሽ ነበር። ለእጅሽ አዝኜ ይመስለኝ ነበር። በሙያዬ ቀንቼ ነው።

አሁን ደግሞ በአንቺው ቀናሁ። በይ እንግዲህ! እነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ያንገበግቡኛል። አበላሽተሽ ስትፈቺ ስድብሽን አልሰማሁም። መጀመሪያ ስትነሳ እልል ብለሽ ይሆን? ማን ሰማሽ? ደግሞ ያን የብስክሌት ገመድ ማን ሸጠልሽ? ተመልከቺኝ እስቲ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ተቀምጬ የገመድ ሻጩን እጠይቅሻለሁ። ይሄ ነገር በአንድ ቀን አይለቀኝም። ይለቀኛል ብዬም አልምልልሽም። የምምለው አንድ ነገር ነው፦ ሲመጣብኝ፣ «ካንዴላዬ እሳት እየጫረ ነው» ብዬ ራሴ እነግርሻለሁ እንጂ፣ ከጀርባሽ ምንም ነገር አልቆርጥም።

ካርቡሬተርሽ ከነብሎኖቹ ንጹሕ ካርቶን ውስጥ ነው። የቆረጥኩትን ገመድ የሚተካ አዲስ ገመድም አለ፤ ጫፉን ግን አልጠመጠምኩትም። መግጠም አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ እጄን እያሳከከኝ አልነካሁትም። የአንቺ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ። በርጩማዋ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ዐሥር ቁጥር ቁልፍ ስትዪ ዐሥር ቁጥር አቀብላለሁ፣ ፒንሳ ስትዪ ፒንሳ። «እንዲህ አድርጊው» አልልም። ካልኩ በፒንሳው ምላሴን ያዢው። ባትመጪ ደግሞ ካርቶኑንና ስኩተሯን እህትሽ በር ድረስ ገፍቼ አደርሳለሁ፤ በረጅሙ ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ሰላም ቢለኝ እኔም ሰላም ብዬ።

ብሎኗን አስተካክለሽ ስትጨርሺ ነጥብ አታኑሪባት። የጥፍር ቀለምሽን ለጥፍርሽ አድርጊው። ነጥብ ለሚጠራጠር ሰው ነው። እኔም ነጩን የቀለም ብልቃጤን ትናንት ጣልኩት። እውነት ለመናገር፣ ጥዬው ሄጄ ተመልሼ አነሳሁት። ዛሬ ጠዋት እንደገና ጣልኩት።

ቁልፍ አቀባይሽ፣
ካንዴላ