ጥርሱ የወለቀ አውሮፕላን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለዩሱፍ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የዚያ አገር ሙቀት አሁንም ያንገላታሃል ወይስ ለመድከው? ባለቤትህ መብሩካ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት፣ ከታች የሚመጣውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ይህን ጽሕፈት ልብ ብለህ እየው። የራሴ የሙሜ እጅ ነው! ፖስታ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ አይደለም። እሱ እኮ "ደህና ነን በልልኝ" ስለው "በናፍቆት ነበልባል እየተቃጠልን" እያለ ነበር የሚጽፍልህ። አንድም ቀን አልተቃጠልንም። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ከሠላሳ አራት ሰው ሁለተኛ ወጣሁ፤ አንደኛዋ ከመምህርታችን ከትዕግሥት አጠገብ ስለምትቀመጥ አትቆጠርም። አሁን ጊደር መጋላ ገበያ ስገባ የስኳሩን ጆንያ፣ የሳሙናውን ካርቶን፣ የግድግዳውን መፈክር ሳይቀር ጮክ ብዬ ስለማነብ፣ ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ቅናት ነው።

እንግዲህ ወደ ጭንቁ ልግባ። የእናታችን የመውጫ ፈቃድ አሥራ አንድ ወር ከቢሮ ቢሮ ካንከራተተን በኋላ ወጣ። የሚያገለግለው እስከ ኅዳር 30 ብቻ ነው። ሐሙስ ኅዳር 28 ከድሬዳዋ ቦታ ተይዞላታል፤ ጎረቤታችን ሐሊማም ልጇ ዘንድ ስለምትመጣ አብረው ናቸው። ይህ ካለፈ ሁለተኛ እንዳትመጡ ብለውናል። አንተ ያነጋገርከው ሐኪም ደግሞ የግራ ዓይኗ ዘንድሮ ካልተሠራ ተስፋ የለውም ማለቱን ራስህ ነህ ያስነገርከን። ቀኙ ጨልሟል። በግራው ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ የሰው ፊት አታይም። ፈቃዱን ይዤ እየሮጥኩ ስገባ ነደባው መደብ ላይ ስፌቷን ይዛ ተቀምጣለች። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ "እኔ አውሮፕላን አልሳፈርም፤ ዓይኔም እዚሁ ይጥፋ" አለች።

በጦርነቱ ጊዜ ያ ጄት በጣራችን ላይ ሲያልፍ አንተ አልነበርክም። የግድግዳው ሳህኖች ከሚስማራቸው እየወረዱ አሥራ ሦስቱ ተሰበሩ፤ የሠርጓ ሳህን ጭምር። እኔ፣ እህታችን ሙናና እናታችን ስባሪውን ስንለቅም ዋልን። ከዚያ ወዲህ ለእሷ አውሮፕላን ማለት ያ ድምፅ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ሙና አለቀሰች፤ አልሆነም።

ያኔ ነው ካርቶንህ ትዝ ያለኝ። ከመሄድህ በፊት ከህንዱ ሱቅ ገዝተህ፣ "ስመለስ እገጣጥመዋለሁ" ብለህ ከእንጨቱ ሳጥን ሥር የተውከው የፕላስቲክ አውሮፕላን። እናታችን በጣቷ የምታይ ሰው ናት፤ አሁንም ስፌቷን በጣቷ እየቆጠረች ትሰፋለች፣ አንድ ጥለት አትስትም። እንግዲያው አውሮፕላኑን ሠርቼ እጇ ላይ ባኖርላት፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ መቀመጫውን ብትዳስሰው፣ ፍርሃቱ ይለቃታል አልኩ። ካርቶኑን አቧራውን አራግፌ ሳየው ግን ክው አልኩ። ክዳኑ ላይ የተሣለው የጦር አውሮፕላን ነው፤ ከክንፉ ሥር ቦምብ ይጥላል። ሌላ ከየት ላምጣ? ቀኑም እየሄደ ነው። ስለዚህ የጦሩን የመንገደኛ ላደርገው ቆረጥኩ። ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የማወጣ ሰው ይህ ያቅተኛል?

ሊያቅተኝ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን እኔው አነበብኩ። የእንግሊዝኛውን ወረቀት ትዕግሥት አስረዳችኝ፤ "እያንዳንዱ እስኪደርቅ ጠብቅ ይላል" አለች፤ እሱን ዘለልኩት። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ማጣበቂያ ድንጋይ ሆኗል። ከመጽሐፍ ጠራዡ ከሐጂ ዐብዱልጀሊል የጥራዝ ሙጫ አመጣሁ፤ ክንፉ "ቢስሚላህ" ብዬ እስካነሳው ቆየና ወደቀ። እሳቸውም "ልጄ፣ የእኔ ሙጫ ኪታብ እንጂ አውሮፕላን አይዝም" አሉኝ። ከዚያ እንደ ሙያዬ ልበይደው ብዬ መበየጃውን አግዬ አስጠጋሁት። ዩሱፍ፣ ክንፉ እንደ ቅቤ ቀለጠ! አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ፤ ሙናም በጭሱ እያሳላት ወደ ግቢ ሮጠች። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ጣፍኩት። በመጨረሻ ከግንቡ ውጭ መኪና የሚቀባው ሳህሉ ጋ ሄድኩ። መሬት እስኪቀመጥ ሳቀብኝ። "አንተ፣ ፕላስቲክ ይበየዳል እንዴ?" አለና በመድኃኒት ጠርሙስ ቀለም የሚያቀጥንበትን ቲነር ሰጠኝ። በዶሮ ላባ ጫፉን እርጥብ እያደረግኩ ይዤ ስቆይ፣ እርስ በርሱ ቀለጠና ተያያዘ። አሁን አንተም አትነቅለው።

መትረየሶቹን ቆርጬ በሞረድ አለሰለስኩ። የእናታችንን ወስፌ አግዬ በጎንና በጎኑ መስኮት በሳሁለት። ከክብሪት ካርቶን መቀመጫ ሠራሁ፤ ለእሷ ሁለተኛው መስኮት ጋ ያለውን በቀይ ክሯ ጠቀለልኩት። ብርማ ቀለምም ቀባሁት። ለጣት ቀለም ምን ያደርጋል ትል ይሆናል፤ የጎረቤት ዓይን አለ። ቦምቦቹን አራቱን አልገጠምኩም። ባዶ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸውና ግድግዳው መደርደሪያ ላይ አኖርኩ። ክብሪት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ! እንዲህ ያለ ብልህ ነኝ።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ እጇ ላይ አኖርኩላት። ከአፍንጫው ጀምራ በቀስታ ሄደች። "ይሄ ቆርቆሮ ነው" አለች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣ "ይሄማ የኔ ወስፌ ነው! አጠቆርከው አይደል?" ብላ ሳቀች። ቀዩን ክር አገኘችው፤ ጣቷን እዚያው አቆየች። በቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ሙናን በዓይኔ ጠቀስኳት።

በማግስቱ ከሰል ልታቀጣጥል ክብሪት ፈለገች። ከሥራ ስገባ፣ "ሙሜ፣ ና ተቀመጥ" አለችኝ። መዳፏ ላይ አራቱ ተደርድረዋል። "ምንድን ናቸው?" አለች። "የተምር ፍሬ" አልኩ፣ አፌ እንደለመደው። "የተምር ፍሬ የዓሣ ጅራት አለው?" አለችና አውሮፕላኑን ገለበጠችው። ከክንፉ ሥር ቀዳዳዎቹን በጣቷ ፈልጋ አንድ በአንድ ገጠመቻቸው። አራት ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ። "ሳህኖቼን የሰበረው ይሄው አይደል? ማንበቡን ተምረሃል፤ መዋሸቱ ግን ገና ይቀርሃል።" ቀጥላ፣ "ያ ያለቀሰው ወታደርስ መጨረሻው ምን ሆነ?" አለችኝ።

ወንድሜ፣ ለአንተም የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባስጻፍኩልህ ደብዳቤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድኩ፣ ደመናውን በመስኮት አየሁት ብዬህ ነበር። በባቡር ነው የሄድኩት፤ ያውም ቆሜ። ለእናታችን ደግሞ ጀግንነቴ እንዲታይ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ አንጀት ጉሮሮ ላይ ይደርሳል፣ አጠገቤ የነበረው ግዙፍ ወታደር "እናቴን!" እያለ ሲያለቅስ እኔ ለውዝ እበላ ነበር ብያት ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ወታደር ይዛው ኖራለች። "ድምፁንስ ጆሮዬን ይዤ እችለው ይሆናል። ወታደር የሚያስለቅስ ነገር ግን እኔን ዕውሯን ምን ሊያደርገኝ ነው?" አለች።

ሙና ወንፊቱን አቆመች። "ወታደር የለም፣ እማዬ። ለውዝም የለም። ተሳፍሬ አላውቅም" አልኩ። አውሮፕላኑን አጠገቧ አስቀምጣ ስፌቷን አነሳች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓርብን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ሳህን ሳቀብላት ከሙና እጅ ትቀበላለች። ፈቃዱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እኔ ቀን እቆጥራለሁ። እንዳትሄድ ያደረጋት ጄቱ ሳይሆን የእኔ አፍ ነው፤ ዓይኗን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጧት ጠራችኝ። "ያንተ ጉዞ ውሸት ከሆነ፣ ዩሱፍም የሄደው በመርከብ ነው። እንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም አልተሳፈረም ማለት ነው?" አለች። "ማንም" አልኳት። እሷም፣ "በል እኔ እሳፈርና እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ። አንተ አፍህን ዘግተህ ታዳምጣለህ" አለች። ቦምቦቹን ራሷ ነቅላ እጄ ላይ ቆጠረችልኝ። "ጥርሱን አውልቄዋለሁ፤ እሱን ይዤው እሄዳለሁ። እነዚህን አንተ ያዛቸው። ጉራ ሊመጣብህ ሲል አፍህ ውስጥ ክተታቸው።" አሁን ስጽፍልህ አንዱ ጉንጬ ውስጥ ነው።

ግን አልጨረስንም። እስከ ሐሙስ አሥራ ሁለት ቀን አለ። ቅድም ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰማ እጇ ስፌቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። እኔ ከድሬዳዋ አላልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። ሰው እንዳትልክ፤ ራስህ አውሮፕላን ማረፊያው በር ጋ ቁም። ከመንካትህ በፊት ስምህን ተናገር፤ ፊትህን አታይምና በድምፅህ ታውቅህ። ክንፉ ላይ ስላለው ቆርቆሮ ብትስቅ ቅር አይለኝም። የእኔን ቃል ልታጣራ ስለ ወታደሩ ብትጠይቅህ ግን እውነቱን ንገራት።

ይህን ደብዳቤ ሰኞ የሚነሳው ሐሰን ይዞልህ ይመጣል። ትዕግሥት ላርምልህ ብላኝ እንቢ አልኩ፤ ስሕተቱም የራሴ ይሁን። ሙና በጣም አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ ለመብሩካ በርበሬ በእናታችን ጓዝ ውስጥ አድርጋለች። ሐጂ ዐብዱልጀሊል ዱዓ ያደርጉልሃል፤ ሙጫቸውን እንዳላማሁባቸው አድርገህ አንብበው። ሳህሉም ሰላም ብሎሃል። ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው ሳምልኝ።

እናታችን ሰላምታ አልላከችም። "ምን ልበልልሽ?" ብላት፣ "ምንም አትጻፍ፤ እኔው ይዤው እሄዳለሁ" አለችኝ።

ወንድምህ ሙሜ
ሐረር፣ አቦከር
ኅዳር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.