የሪያዱ ሱቅ የእኔ አልነበረም

ቀን፦ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 12፣ 2018)

ለስኔልቪልና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
የሥራ አመራር ሰብሳቢ
ጆርጂያ

ጉዳዩ፦ ፎቶግራፌ ከሴሚናር ማስታወቂያ ላይ እንዲነሳና በዕለቱ አሥር ደቂቃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች እየሩሳሌም ነጋ፣ የማኅበሩ አባል፣ የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ። ቃሌ ሻካራ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለስላሳውን ስፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

1. ማኅበሩ እሑድ ሴፕቴምበር 23 «አረብ አገር ተለውጧል፤ ተራው የእኛ ነው» በሚል ርዕስ ሪያድ ንግድ ስለመክፈት ሴሚናር እንደሚያካሂድ በየሐበሻ ግሮሰሪው በር ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሱቅ በር ላይ የቆመችው ሴት እኔ ነኝ። ከሥሯ «ከልብስ ሰፊነት ወደ ባለ ድርጅትነት፣ ሪያድ» ይላል። ፎቶውን ለአዘጋጁ ለአቶ አንዷለም የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ፤ በፋሲካ ግብዣ ላይ ሰው መሀል ስኩራራ፣ ከስልኬ ላይ። ስለዚህ ማንንም አልከስም፤ የገዛ አፌ ያመጣው ነው።

2. ያ ሱቅ የእኔ አልነበረም። የሴቶች ልብስ ስፌት ነበር። ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ ደንበኛ ያፈራሁት እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት ያጎነበስኩትም እኔ ነኝ። ፈቃዱ ግን በአገሬው ሰው ስም ነው የተጻፈው። እሱን ሰው ካፊል ይሉታል፤ የውጭ ሰው ያለ ካፊል መግባትም መውጣትም አይችልም። የእኔ ካፊል አቡ ፈይሰል ይባል ነበር። በመኖሪያ ወረቀቴ ላይ የእኔ ሥራ «የቤት ሠራተኛ» ነው። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር እኛ የምንሰማው በር ሲንኳኳ ነበር። ዛሬ አቶ አንዷለም ሴቶች መኪና መንዳት ጀመሩ፣ ሲኒማ ተከፈተ እያሉ ሲያጨበጭቡ ያንገሸግሸኛል። ለአገሬው ሴቶች እሰየው፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሲኒማ ስለተከፈተ የካፊል መዝገብ አይቀደድም።

3. ከዚህ በታች ያለውን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። ስድስት ሠራተኞች ነበሩኝ። አቡ ፈይሰል ፓስፖርታቸውን ሰብስቦ በብስኩት ጣሳ አድርጎ ሰጠኝና «አደራ» አለኝ። እኔም አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብዬ ቆለፍኩበት። ለባለቤቶቹ እንኳ አላሳይም ነበር። ታማኝ ተብዬ ተመሰገንኩ፤ ኮራሁም። አደራው የማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ አረብን ስረግም ኖሬአለሁ፣ ቁልፉ ግን የተንጠለጠለው በእኔ አንገት ላይ ነበር።

4. በኖቬምበር 2013 ወረቀቱ ያልተስተካከለ የውጭ ሰው ሁሉ ከየመንገዱ መታፈስ ሲጀምር፣ ከሠራተኞቼ አንዷ፣ አያንቱ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ «እትዬ፣ እጄን ሰጥቼ በሰላም አገሬ ልግባ፤ ፓስፖርቴን ስጪኝ» አለችኝ። አቡ ፈይሰል ሳይፈቅድ አይሆንም አልኳት። ሦስት ቀን ለመነችኝ። በአራተኛው ቀን ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ተያዘች። በሳምንቱ አቡ ፈይሰል ሱቁን ዘግቶ ማሽኖቹን ሸጠ። የእኔን ፓስፖርት የመለሰልኝም «ምንም የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ነው። ያኔ ለአምስቱ ልጆች የየራሳቸውን አደልኩ። የአያንቱን ግን ወደታሰረችበት ግቢ ይዤ ብሄድ እኔንም ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ። የባለቤቴ ዲቪ ወጥቶ ነበርና ወደዚህ መጣሁ። አብረዋት የተያዙት በሳምንት በሁለት ሳምንት አገራቸው ሲገቡ፣ እሷ ማን መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አጥታ አራት ወር መታሰሯን በኋላ ሰማሁ።

5. ዛሬ ይህን ያስጻፉኝ ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘሪቱ ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸጉ ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። ፎቶዬን አይተው «አርብ ኖቲስ እሰጣለሁ፤ ቤቱንም ለሽያጭ ሊስት አድርጌዋለሁ፤ በአቶ አንዷለም በኩል ሪያድ የውበት ሳሎን ልንከፍት ነው» አሉኝ። ይቅርብዎ ብዬ ለመንኳቸው። «አንቺ በልተሽ ስትጠግቢ በሩን በእኛ ላይ ትዘጊያለሽ» አሉኝ። አይፈረድባቸውም፣ በማስታወቂያው ላይ የጠገብኩ እመስላለሁ። አቶ አንዷለምን ፈቃዱ በማን ስም ነው ብዬ ብጠይቃቸው «ዶንት ወሪ እትዬ፣ ሁሉን ሃንድል የሚያደርግ ጥሩ ካፊል አለን» አሉኝ። ጥሩ ካፊል! እኔም ለአያንቱ ጥሩ አለቃ ነበርኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በመጀመሪያ ማስታወቂያው እስከ ነገ፣ ማለት ወ/ሮ ዘሪቱ ሥራቸውን ከመልቀቃቸው በፊት፣ ከየግሮሰሪውና ከፌስቡክ ገጻችሁ እንዲነሳ፣ ይህም ደብዳቤ ለእሳቸው እንዲነበብላቸው፤ ሴሚናሩ የግድ የሚካሄድ ከሆነም ከአቶ አንዷለም ቀጥሎ አሥር ደቂቃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አባልነቴን የሚያሳጣኝ ከሆነ ይውሰዱት።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ማኅበሩ ከኤምባሲው ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል። ከሦስት ዓመት በፊት አያንቱ ከሻሸመኔ ደውላልኝ ነበር። አዲስ ፓስፖርት ለማውጣት የድሮውን አምጪ ብለዋት ነው። አልሰደበችኝም፤ ልጆች ወለድሽ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ከዚያ «ፓስፖርቴ አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የለም አልኳት። ማኅበሩ ፓስፖርቷን ለራሷ ለአያንቱ እንዲያደርስልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከሰላምታና ከሐፍረት ጋር፣

(ፊርማ)
እየሩሳሌም ነጋ
ስኔልቪል

አባሪ፦
የሴሚናሩ ማስታወቂያ፣ አንድ ገጽ
የወ/ት አያንቱ ፓስፖርት፣ ዋናው